ከጫልቱ ባልዲ ጋር ወደ እንጭኒ

ከታደሰ ጋር የሠራነው የመጨረሻ ተራ ነገር ጋቢ ማጠፍ ነው። ሐሙስ ያጠብኩትን ጋቢ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከገመዱ ላይ አወረድነው፤ ደብረ ብርሃን ላይ ጋቢ በአንድ ቀን እንደማይደርቅ ታውቃላችሁ። እሱ ሁለቱን ጫፍ ያዘ፣ እኔም ሁለቱን። በትዳራችን ዘመን ሁሉ እኔ ወደ ቀኝ ሳጥፍ እሱ ወደ ግራ እያጠፈ ጋቢው መሀል ላይ እንደ ገመድ ይጠመዘዝብናል።

"መምህር ሆነህ ቀኝና ግራህን አታውቅም" አልኩት።

"ተማሪ ፊት ለፊቴ ሲቆም ኖሮ ነዋ። የእሱ ቀኝ የእኔ ግራ ነው" አለኝ።

ፈታነውና እንደገና አጠፍነው። በማግስቱ ጠዋት ጫማውን ሊያስር ጎንበስ እንዳለ ልቡ ቆመ። ከዚያ ወዲህ ያን ጋቢ አጥፌው አላውቅም። ታጥቦ ሲደርቅ ጠቅልዬ ሳጥን ውስጥ እከተው ነበር።

ይህን የምጽፈው ለሰፈሬ ሴቶች ነው። ከመንገድ ስመለስ በር ላይ ቆማችሁ "ምነው ነጭ ለበስሽ?" አላችሁኝ፤ እኔም "ኋላ እነግራችኋለሁ" ብዬ ገባሁ። በሙት ዓመቱ ነጭ ነጠላ ገዝታችሁ፣ ውኃ አሙቃችሁ ጥቁሬን ልታስወልቁኝ መጥታችሁ "ገና ነኝ" ብዬ እንደመለስኳችሁ አልረሳሁም። ስለዚህ የጉዞውን ነገር በቅደም ተከተል መስማት ይገባችኋል። ቀስ እያልኩ ነው የምጽፈው። መዝገብ ቤት በሠራሁበት ዘመን በቀን ሠላሳ ደብዳቤ የገለበጠች እጄ አሁን አንድ ገጽ ስትጽፍ ትደክማለች።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። የደወለችው የታደሰ ታናሽ እህት ጫልቱ ናት፤ በትውልድ አገራቸው በእንጭኒ ጤና ጣቢያ አዋላጅ ነርስ ነች።

"እትዬ አስካለ፣ ልወዳደር ነው" አለችኝ።

"ለምኑ?"

"ለጨፌ።" ጨፌ የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት ነው።

"ማን ግቢ ብሎሽ ነው?"

"ማንም አላለኝም። በግሌ ነው። የማዋለጃው ክፍል ውኃ ከሌለው ስንት ዓመቱ! ለሁሉም ጽፌያለሁ፤ ለሁሉም ነግሬያለሁ። አሁን የቀረኝ ራሴ ሄጄ እዚያው ወንበር ላይ መቀመጥ ነው።"

ቀጠለችና አንድ ሕዝባዊ ስብሰባ ብቻ እንደተፈቀደላት ነገረችኝ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ እንጭኒ፣ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት። ከዚያ በኋላ ተረኛ ናት፤ ተረኝነቷን ስትጨርስ ደግሞ የቅስቀሳው ጊዜ ያበቃል። የቅስቀሳ ወረቀቷን ለማሳተም አምቦ እንደምትሄድ ነግራኝ፣ አምቦ ድረስ መጥቼ አብሬያት ወደ እንጭኒ እንድሄድ ለመነችኝ።

"ምን ልረዳሽ እችላለሁ? ኦሮምኛዬ እንደሆነ ከሰላምታ አያልፍም" አልኳት።

"ምንም አትርጂኝ። አጠገቤ ቁሚ" አለችኝ።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። በቀብሩ ሳምንት መንገድ ተዘግቶ ከታደሰ አገር ሰው ሊመጣ ባልቻለበት ጊዜ፣ ብቻዋን በእህል መኪና ላይ ተጭና፣ ቀብሩ ካለፈ በሁለተኛው ቀን በሬን ያንኳኳች እሷ ናት።

ዓርብ

በጠዋት ተነስቼ አዲስ አበባ ገባሁ፤ ወደ ምዕራብ የሚሄዱት መኪኖች መነሻ ለመድረስ ብቻ ከደብረ ብርሃን የመጣሁበትን ያህል ጊዜ ፈጀብኝ። ሦስት ሰው በሚያስቀምጥ ወንበር አራተኛ ሆኜ ተቀመጥኩ። ከሆለታ በኋላ አገሩ ተዘረጋ። የእኛ አገር ሜዳው ጠፍጣፋና ነፋሻ ነው፤ የእነሱ ደግሞ ኩፍ እንዳለ ሊጥ ከፍ ዝቅ ይላል። አዲስ ዓለምን አለፍን፣ ግንጪን አለፍን። አፈሩ እየጠቆረ አየሩ እየሞቀ ሄደ። ሹራቤን አወለቅኩ፤ ታደሰ በየክረምቱ "አገሬ ብንሆን ይህን ጊዜ በሸሚዝ ነን" ሲል የሚያጋንን ይመስለኝ ነበር። የሚያወራው ግን ተወልዶ ስላደገበት ስለ እንጭኒ ሳይሆን መምህርነት ስለተማረበት ስለ አምቦ እንደነበር የገባኝ እሑድ፣ እንጭኒ ላይ ጥርሴ ሲንቀጠቀጥ ነው።

ጫልቱ አምቦ መናኸሪያ ቆማ ጠበቀችኝ። በአንድ እጇ የወረቀት ጥቅል፣ በሌላው ሰማያዊ የፕላስቲክ ባልዲ ይዛለች። ባልዲው የምርጫ ምልክቷ ነው።

"ከፋኖስም፣ ከወንበርም፣ ከዛፍም አስመረጡኝ። ባልዲ አልኳቸው" አለችኝ። "የጻፈልኝ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።"

ያረፍነው ከሁሉቃ ወንዝ አጠገብ፣ አዴ ሌንሴ ቤት ነው። አዴ ሌንሴ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፤ ከታደሰ ጋር በአንድ ክፍል ተምረዋል። ከአሮጌ ፖስታ ውስጥ የሁለቱን የትምህርት ማስረጃ አውጥተው አሳዩኝ፤ የአምቦ ስም በድሮው አጠራር "ሀገረ ሕይወት" ተብሎ የተጻፈበት፣ ጠርዙ የነተበ ወረቀት ነው። "እኔና ባልሽ የተማርንበት ከተማ ካርታ ላይ የለም" ብለው ሳቁ።

እራት ላይ አንድ ነገር አበላሸሁ። ርቦኝ ነበርና ገና ሲቀርብ እጄን ሰደድኩ፤ አንድ ጉርሻ ጎርሼ ቀና ስል ሁሉም ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ጫልቱም የቤቱ ሰዎችም ጴንጤዎች ናቸው፤ ጸሎቱ ደግሞ ረጅም ነው። ጉርሻውን ሳላኝክ ጉንጬ ውስጥ ይዤ፣ ጸሎቱ ዝናቡን፣ ሰላሙን፣ የታመሙትን፣ ምርጫውን አዳርሶ እስኪያልቅ ጠበቅኩ። አዴ ሌንሴ "አሜን" ካሉ በኋላ በአንድ ዐይናቸው እያዩኝ "በይ ዋጪው፤ ለእሱም ጸልየንለታል" አሉኝ።

ቅዳሜ

ቁርስ በቅቤ የራሰ ጨጨብሳና እርጎ ነበር። እኛ አገር ይህን የምናቀርበው ለአራስ ነው፤ አዴ ሌንሴ ግን "ባሏ የሞተባትም አራስ ናት" ብለው ሳህኔን ሞሉልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ለማየት ተቀመጥን። ጫልቱ ጥቅሉን ፈታችው። አታሚው ባልዲውን ገጹን እስኪሞላ ድረስ አሳድጎ፣ የእሷን ፎቶ ከታች ጥግ ላይ እንደ ቴምብር ለጥፎታል።

"ባልዲ የሚሸጥ ሱቅ ማስታወቂያ ነው የሚመስለው" አሉ አዴ ሌንሴ።

"ይሁን" አለች ጫልቱ። "ፊቴንማ ያውቁታል። ግማሾቹ ከእናታቸው ሆድ ሲወጡ መጀመሪያ ያዩት እሱን ነው።"

ተፎካካሪዋ ማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ወይዘሮ ብርቄ የሚሏት እህል ነጋዴ ናት፤ በፓርቲ ነው የቀረበችው፤ የሁለቱ ግቢ ደግሞ በአንድ አጥር ይለያያል። "ሌላ ሰው ቢሆን ስሙን በክፉ አነሳ ነበር። ብርቄን ግን፣ ለልጄ ክርስትና በግ ያረደችን ሰው፣ ባነሳት ምን ይሉኛል" አለች ጫልቱ። "ጴንጤ ክርስትና የለውም፤ እሷ ግን በግ አርዳለች" ብለው አዴ ሌንሴ ጨመሩበት።

ከሰዓት በኋላ ጫልቱ ለኦቦ ለሜሳ ደወለች። ኦቦ ለሜሳ በእንጭኒ የሰፈራቸው እድር ዳኛ ናቸው፤ ድንኳኑም፣ አግዳሚ ወንበሩም፣ ሕዝቡም የሚገኘው በእሳቸው በኩል ነው። በኦሮምኛ ያወራችውን ስትዘጋ በአማርኛ ደገመችልኝ፦ "ነገ ከታደሰ ሚስት ጋር እመጣለሁ፣ ሰው ይሰብስቡልኝ፣ ድንኳኑንም ይትከሉልኝ አልኳቸው። እሺ አሉኝ።" እኔም ደግ ሰው ናቸው አልኩ። ከሦስታችን አንዳችንም ምንም አልታየንም።

እሑድ

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሳን። ባልዲው ጉልበቴ ላይ፣ ወረቀቱ ጫልቱ ጭን ላይ ነው። ወደ እንጭኒ ለመሄድ ዓርብ የመጣሁበትን መንገድ እስከ ሆለታ መመለስ፣ ከዚያ ወደ ሰሜን መታጠፍ ያስፈልጋል። ግንጪ ላይ መኪናው ለአምስት ደቂቃ ቆሞ ወረድን። አንዲት ሙዝ የምትሸጥ ሴት ጫልቱን አወቀቻት፣ ቀጥላ ጥቁሬን አየች፣ "የታደሰ ሚስት ናት?" አለች። ሙዟን ጥላ አቀፈችኝ። ሌሎች ሁለት ሴቶች መጡ፣ አግዳሚ ወንበር መጣ፣ "ሳንሰማ፣ ሳንደርስ" እያሉ አስቀመጡኝ። ተነስቶ መሄድ አይቻልም። ቀና ስንል መኪናው የለም። ረዳቱ ደግ ሰው ሆኖ ባልዲያችንን መንገድ ዳር አስቀምጦልን ሄዷል።

"ጥቁሩ እግራችንን ያዘው" አልኳት ጫልቱን፤ አፍሬ።

"ሙዝ ግን በነፃ አገኘን" አለችኝ።

ሌላ መኪና ይዘን ሆለታ ደረስን፤ ከሆለታ ወደ ሙገር የሚሄደውን ተሳፈርን። ይኼ መንገድ የሲሚንቶ መኪኖች መንገድ ነው፤ አንዱን ቀድመን ሌላው ፊታችን ይገተራል። ሾፌሩ በየኩርባው ሲያወዛውዘን ከኋላዬ የተቀመጠ ትከሻው የበር መዝጊያ የሚያክል ጎልማሳ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "እናቴ፣ ይቅርታ፣ ያንን ባልዲ" አለ። ጊዜ አልነበረም። ሰጠሁት።

አስመልሶ ሲጨርስ ከሐፍረቱ ብዛት ቀና ማለት አቃተው። ጫልቱ ውኃ ሰጠችው፣ ግንባሩን በእጇ ዳሰሰች፣ ከየት እንደሆነ ጠየቀችው። የእንጭኒ ሰው ነው።

"ካርድ አውጥተሃል?" አለችው።

"አውጥቻለሁ።"

"እንግዲህ ባልዲዋን አትርሳ።"

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ቀጣዩ ማቆሚያ ላይ ሰውየው ራሱ ወርዶ፣ ሳሙና ገዝቶ፣ ባልዲውን ሦስት ጊዜ አጥቦ አምጥቶ አስረከበኝ።

እንጭኒ ስንገባ ሰባት ሰዓት ተኩል ነበር። ብርዱ የእኛው ብርድ ነው፤ ገብሱም፣ የባሕር ዛፉም ሽታ ደብረ ብርሃንን ይመስላል። ዓርብ ያወለቅኩትን ሹራብ ለበስኩ። ገና ከመኪናው ሳንርቅ የእድር ጡሩምባ ሰማን። ጫልቱ ቆመች።

"ሰው ሞቷል" አለች። "ዛሬ! በዛሬው ቀን!"

ወደ ሰፈሯ በፈጠንን ቁጥር ጡሩምባው እየቀረበ መጣ። ከኦቦ ለሜሳ ቤት ፊት ለፊት ትልቁ ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ራሳቸውን ደፍተው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። የሰውን ብዛት ስታይ የጫልቱ ፊት ተለዋወጠ፤ ትልቅ ሰው መሆን አለበት የሞተው። በር ላይ ያለችውን ሴት እጇን ይዛ "ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" ስትል እንባዋ ወርዶ ነበር።

"ታደሰ" አለች ሴትየዋ።

"የትኛው ታደሰ?"

"ወንድምሽ ነዋ።"

ጫልቱ ዞር ብላ አየችኝ። ኦቦ ለሜሳ በትራቸውን ይዘው መጡ። ጫልቱ በሹክሹክታ የስብሰባውን ነገር ስታስረዳቸው፣ ሽማግሌው እንደተበደለ ሰው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ከታደሰ ሚስት ጋር እመጣለሁ አልሽ። ሰው ሰብስቡ አልሽ። ድንኳን ትከሉ አልሽ። ይኼ ታዲያ ምንድን ነው? ስለ ምርጫ አንድ ቃል አውጥተሻል?"

አላወጣችም። ሁለታችንም ድንኳኑ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን።

ያ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ከተለቀሰለት ጋር አይመሳሰልም። ቤቴ የመጡት ሁሉ የሚያውቁት ባሌን፣ ጎረቤታቸውን፣ አንድ ጸጥተኛ መምህር ነበር። ጫልቱ በጆሮዬ እንደተረጎመችልኝ፣ እዚህ የሚያለቅሱለት ሌላ ሰው ነው፤ በልጅነቱ የሰው በቅሎ ሳያስፈቅድ ጋልቦ ወንዝ ውስጥ የወደቀ፣ በሠርግ ላይ የሚዘፍን። ታደሰ ሲዘፍን ሰምቼ አላውቅም። ሽበት የወረሰው አንድ ሰው ተነስቶ፣ ታደሰ እዚያ ባስተማረበት ዘመን ተማሪው እንደነበር ተናገረ። "አርፍጄ ስመጣ አይመታኝም። በር ላይ ያቆመኝና ዛሬ መንገድ ላይ ምን አየህ ይለኛል። ካልነገርኩት አያስገባኝም። ስለዚህ እያየሁ መሄድ ለመድኩ፤ ይኸው እስካሁን እያየሁ ነው የምሄደው።" እኔ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ሳቅሁ። ይህ ሁሉ ሰው ዓመት ከሦስት ወር የዚያን ሰው ለቅሶ ተሸክሞ ማውረጃ አጥቶ እንደኖረ ገባኝ።

ግን ሰዓቱ ይሄዳል። ስምንት ሆነ፣ ዘጠኝ ሆነ። ጫልቱ ንግግሯን አራት አጥፋ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣዋለች፤ ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽ ይሰማኛል።

"ተነሺና ተናገሪ እንጂ" አልኳት።

"በወንድሜ ለቅሶ ላይ ድምፅ አልለምንም" አለችኝ። "ቀረብኝ በቃ። ውኃውን በሌላ መንገድ እጠይቃለሁ።"

"በየትኛው መንገድ?"

ጉንጯን ነክሳ ወደ መሬት ታያለች፤ ታደሰም ነገር ሲጠፋው እንዲሁ ነበር።

በዚህ መሀል ንፍሮ መታደል ጀመረ። የእድሩ ሴቶች ማቅረቢያ አንሷቸው በር ላይ ያገኙትን ዕቃ ወስደዋል። የጫልቱ ሰማያዊ ባልዲ ንፍሮ ተሞልቶ ከረድፍ ወደ ረድፍ፣ በሁሉም ፊት እየዞረ መጣ። ከአጠገባችን የተቀመጠች፣ ወፈር ያለችና ድምፀ ጎርናና ሴት ወደ ጫልቱ ጆሮ ጠጋ ብላ፣ እኔም እንድሰማ በአማርኛ ሹክ አለች።

"ጫልቱ፣ ይኼ ቅስቀሳ ነው። ባልዲው መላውን ሕዝብ እኮ አዳረሰ። እኔም የፓርቲዬን ምልክት፣ ጃንጥላዬን ልዘርጋ?"

ያቺ ሴት ብርቄ ነበረች። ተፎካካሪዋ እንደ ጎረቤት ለቅሶ ልትደርስ ከሁሉ ቀድማ መጥታለች። ጫልቱ ደንግጣ ባልዲውን ልታስቆም ስትነሳ ብርቄ ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት። "ቀልዴን ነው፤ ተቀመጪ። ይብሉበት" አለች፤ ራሷም ዘግና በላች። እኔ ንፍሮውን አልቀመስኩም። ለምን እንደሆነ የምናውቀው እኔና ጫልቱ፣ ከድንኳኑ ጥግ ደግሞ ባልዲው ሲደርሰው "ጠግቤያለሁ" ያለ አንድ ጎልማሳ ብቻ ነን።

ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ተነሳሁ። በሕይወቴ ሙሉ ለሕዝብ ተናግሬ አላውቅም፤ ሌሎች የተናገሩትን ነበር የምገለብጠው። ኦቦ ለሜሳን ቃሌን እንዲተረጉሙልኝ ለመንኳቸው።

"አገሬ ላይ ጥቁሬን ሊያስወልቁኝ መጥተው ነበር፤ እምቢ አልኩ" አልኳቸው። "ምክንያቱን ለራሴም አላውቀውም ነበር። አሁን አወቅኩት። ታደሰ በአገሩ ሰው አልተለቀሰለትም ነበር። ዛሬ ተለቀሰለት። ልብሴን እዚሁ ቀይሩልኝ።"

ኦቦ ለሜሳ ቃል በቃል ተረጎሙት። ጫልቱ ግን ብድግ አለች።

"እትዬ፣ ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተይው። ሰዓቱ ይለፍ።"

"ለአንቺ ቢሆን ዓርብ አምቦ ላይ አወልቀው ነበር፤ ግንጪ ላይም መኪናው ባላመለጠን" አልኳት። "ለእኔ ነው። ጊዜ የሚተርፍ ከሆነ ግን ውሰጂው።"

ሴቶቹ ተጠራሩ። ለብ ያለ ውኃ መጣ፤ ፊቴን አጠቡኝ፣ ጥቁር ሻሼን ፈቱልኝ። ጥቁር ነጠላዬን ሲያነሱት ትከሻዬን በረደኝ። ሁሉም ነጠላ ለብሷል፣ ግን የተለቀሰበት ነው፤ አዲስ ያስፈልጋል ተባለ። ብርቄ ብድግ ብላ ወጣች፤ በአጥሩ ቀዳዳ ገብታ ስትመለስ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ፣ እጥፋቱ ገና ያልተፈታ ነጠላ ይዛለች።

"ለነገ ስብሰባዬ የገዛሁት ነው" አለችና ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ከዚያ ወደ ጫልቱ ዞረች። "ነጠላ ነው የሰጠሁት። ድምፅ አይደለም።"

"ገብቶኛል" አለች ጫልቱ።

ኦቦ ለሜሳ እርጥብ ሣር ይዘው ረጅም ምርቃት መረቁኝ። ሕዝቡ "አሜን" ባለ ቁጥር የሆነ ነገር ከላዬ ላይ ሲወርድ ይሰማኛል። ሲጨርሱ በበትራቸው መሬቱን መታ አደረጉ። "ለቅሶው አልቋል። ነጠላችሁን መልሱ። አሁን ይህቺ ልጅ የምትናገረው አላት።" ሴቶቹ የተዘቀዘቀውን ነጠላቸውን እንደ ወትሮው መለሱ። ሊሄድ የተነሳ ሰው አልነበረም።

ጫልቱ ወረቀቷን አላወጣችም። ስለ ወንድሟ አንድ ቃል አልተናገረችም። ባልዲውን አንስታ፣ የቀረውን ንፍሮ አጠገቧ በተቀመጠች ሴት ጭን ላይ ገልብጣ፣ ባዶውን ወደ ላይ ያዘችው።

"ጤና ጣቢያ ስትወልዱ፣ ምጥ ይዟችሁ ውኃ በጀሪካን አስይዛችሁ የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ" አለች፤ ለእኔ ኦቦ ለሜሳ በጆሮዬ ይተረጉሙልኛል።

መጀመሪያ ሁለት እጅ ወጣ። ቀጥሎ አሥር፣ ከዚያ የሴቶቹ ወገን በሙሉ። ወንዶቹ መተያየት ጀመሩ፤ ጀሪካኑን የተሸከሙት እነሱ ናቸው፤ አንዳንዶቹም እጃቸውን አወጡ። ከአጠገቤ አንድ ወፍራም እጅ ቀስ ብሎ ሲወጣ አየሁ። ብርቄ ናት።

ጫልቱ ዞር ብላ አየቻት።

"ምን ታዪኛለሽ?" አለች ብርቄ። "ሦስቱንም ሳዋልድሽ ነው... ስታዋልጂኝ ነው እንጂ! ጀሪካኑን የያዘችው እህቴ ናት። እጄን ነው ያወጣሁት፣ ድምፄን አይደለም።"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ጫልቱ አሥር ደቂቃ ያህል ተናገረች፤ ቧንቧው ከየት እንደሚመጣ፣ ለማን እንዳመለከተች፣ ማን ምን ብሎ እንደመለሰላት። ስትጨርስ ብርቄ "ነጠላዬ እዚህ ተሰብሳቢ ስለሆነ እኔም ልናገር" ብላ ተነሳች፤ ካሸነፈች ውኃውን እሷ እንደምታስገባ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ በምርቃት ተዘጋ።

ድንኳኑን ስናጥፍ የአንዱን ሸራ ሁለት ጫፍ እኔ ያዝኩ፣ ሁለቱን ብርቄ። እኔ ወደ ቀኝ አጠፍኩ፤ እሷ ወደ ግራ። ሸራው መሀል ላይ ተጠመዘዘ። ቆሜ ሳቅሁ፤ እስኪያመኝ ሳቅሁ።

"ምን ሆንሽ?" አለችኝ።

ነገርኳት። ሰማችኝና "እንፍታውና እንደገና እንጠፈው" አለች።

ሰኞ

ጠዋት ጫልቱ ሥራ ስትገባ አብሬያት ሄድኩ። ማዋለጃው ንጹሕ ነው፤ ግድግዳው ላይ ቧንቧ አለ፣ ብታዞሩት ግን ትንፋሽ እንኳ አይወጣውም። ከበሩ ውጭ ቢጫ ጀሪካኖች ተሰልፈዋል። የእኛ ጤና ጣቢያ ውኃው በሳምንት ሁለት ቀን ሲጠፋ የምናሰማውን ጩኸት አስታወስኩ።

ከመሄዴ በፊት ነጠላውን አጥፌ ብርቄ ሱቅ ይዤላት ሄድኩ። ከእህል ጆንያ መሀል ቀና ብላ አየችኝ፤ ለስብሰባዋ አሮጌውን ለብሳ ተዘጋጅታለች። አልተቀበለችኝም።

"ማንኛችንም ብናሸንፍ ውኃው ሲገባ ይዘሽው ትመጫለሽ" አለችኝ። "እስከዚያ ልበሺው። አደራ፣ በኦሞ አትጠቢው፤ ጥለቱን ያደበዝዘዋል።"

ማክሰኞ

አዲስ አበባ አድሬ ማክሰኞ ቀትር ላይ ቤቴ ገባሁ። በር ላይ ያያችሁኝ ያን ጊዜ ነው።

የምርጫው ውጤት በየጣቢያው በር ላይ ሲለጠፍ ጫልቱ ደወለችልኝ። ያሸነፈችው ብርቄ ናት። "በእኛ ሰፈር ጣቢያ ግን አንደኛ እኔ ነኝ፤ ድንኳኑ በተተከለበት። ብርቄ ራሷ ወረቀቱን ቆማ ሁለት ጊዜ አነበበችው" አለችኝ። ድምፅዋ የተሸነፈ ሰው ድምፅ አልነበረም። በሚቀጥለውም እወዳደራለሁ አለችኝ፤ ባልዲውን እንዲያስቀምጡላትም ለምርጫ አስፈጻሚዎቹ ከወዲሁ ነግራቸዋለች።

የውኃው ቦይ ከዋናው መስመር ተነስቶ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ድረስ ተቆፍሯል። ከዚያ በኋላ ቧንቧ አልደረሰም ተብሎ ቆሟል።

የታደሰን ጋቢ ባለፈው ሳምንት አጠብኩት። ሲደርቅ አንዱን ጫፍ በአገጬ ይዤ ብቻዬን አጠፍኩት፤ ትንሽ ተጣሟል፣ ግን ታጥፏል። አረንጓዴ ጥለቱን ነጠላ ቅዳሴ ስሄድ እለብሰዋለሁ። በየሰኞው ጠዋት፣ ሱቋን ሳትከፍት፣ ለወይዘሮ ብርቄ እደውልና ቧንቧው የት ደረሰ ብዬ እጠይቃታለሁ።